ኮምፒዩተር የተፈጥሮን ሕግ ማግኘት ይችላልን?

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኮምፒዩተር የአየር ጠባይን የሚተነብየው ሰው በሰጠው ቀመር እያሰላ መሆኑን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ፣ አንዱ ተማሪ «ቀመሩን ራሱንስ ሊያገኝ ይችላል? የሳይንቲስቱን ዕውቀትስ በምን መልክ ይይዘዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ሌሎችንም ስለሚጠቅም እንድታብራሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ የታወቀ ቀመርን ማስላት ከተጀመረ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ኤኒያክ በተባለው ኮምፒዩተር የአየር ትንበያ ተሰልቷል። ተማሪዎ የጠየቀው ግን ከዚህ የሚከብደውን ነው። መልሱም፦ ቀመሩን ሊያገኝ ይችላል፤ ሆኖም የትኞቹን መጠኖች ማነጻጸር እንደሚገባ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፓት ላንግሊ «ቤከን» የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ በኋላም ከኸርበርት ሳይመንና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር አዳበረው። የፕሮግራሙ ዋና ዋና መመሪያዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ሁለት መጠኖች አብረው የሚጨምሩ ከሆነ አንዱን ለሌላው ያካፍላል፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ ከሆነ ያባዛቸዋል፤ የማይለዋወጥ ውጤት ሲያገኝ ደግሞ ያንን እንደ ሕግ ይመዘግባል።

ይህን በሰሌዳ ላይ ሊያሳዩት ይችላሉ። መሬት ከፀሐይ ያላትን ርቀት 1፣ ፀሐይን አንድ ጊዜ የምትዞርበትንም ጊዜ 1 እንበል። በዚህ መለኪያ የማርስ ርቀት 1.52፣ ጊዜዋ 1.88 ሲሆን የጁፒተር ርቀት 5.20፣ ጊዜዋ 11.86 ነው። ርቀትና ጊዜ አብረው ስለሚጨምሩ ርቀቱን ለጊዜው ስናካፍል በቅደም ተከተል 1፣ 0.81 እና 0.44 እናገኛለን። ይህ ድርሻ ርቀቱ ሲጨምር የሚቀንስ በመሆኑ በርቀቱ እናባዛዋለን፤ 1፣ 1.23 እና 2.28 ይሆናል። አሁን ደግሞ የመጀመሪያው ረድፍ ሲቀንስ ሁለተኛው ስለሚጨምር ሁለቱን ረድፎች እናባዛለን፤ ውጤቱ ለሦስቱም ፕላኔቶች ወደ 1 የተጠጋ ነው። የርቀቱ ኩብ ለጊዜው ስኩዌር ሲካፈል አይለወጥም ማለት ነው፤ ይህም ኬፕለር በ1619 ያሳተመው ሦስተኛው ሕግ ነው። ሳተርንንም (ርቀት 9.54፣ ጊዜ 29.46) ተማሪዎችዎ ቢሞክሩት ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ።

ሥራው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ከኬፕለር ድካም ጋር እኩል አድርጎ ማየት ተገቢ አይመስለንም። ኬፕለር የፕላኔቶችን ርቀት በአምስቱ ባለ እኩል ገጽ ጠጣር ቅርጾች ለመግለጽ ሞክሮ በ1596 መጽሐፍ አሳትሟል፤ ትክክለኛውን ዝምድና እስኪያገኝም ከሃያ ዓመት በላይ ወስዶበታል። ለቤከን ግን የቀረቡለት የተመረጡ ሁለት የቁጥር ረድፎች ናቸው። ከስንት ሊለካ ከሚችል ነገር መካከል ርቀትንና ጊዜን ለይቶ ማውጣቱ የሥራው ትልቁ ክፍል ይመስለናል።

ዕውቀትን ስለ መያዝ፣ በ1965 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ፋይገንባውም፣ ጆሹዋ ሌደርበርግና ባልደረቦቻቸው የጀመሩት «ዴንድራል» ጥሩ ማሳያ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ ሞለኪውልን ሰባብሮ የስብርባሪዎቹን ክብደት ይለካል፤ ከዚህ ተነሥቶ የሞለኪውሉን ቅርጽ ማወቅ የኬሚስቱ ሥራ ነበር። ዴንድራል ሊኖሩ የሚችሉትን ቅርጾች ይደረድርና፣ እያንዳንዱ ቢሰበር ምን ዓይነት ስብርባሪ እንደሚሰጥ ኬሚስቶች «እንዲህ ከሆነ እንዲያ ይሆናል» በሚል መልክ ባስገቡለት ደንቦች ተንብዮ፣ ትንበያውን ከመሣሪያው ንባብ ጋር ያነጻጽራል። ንድፈ ሐሳቡ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚኖረው በእነዚህ ደንቦች መልክ ነው፤ ኬሚስቱም አንብቦ ሊያርማቸው ይችላል፤ ይህን እንደ ትልቅ ጥቅም እንቆጥረዋለን።

ደንቦቹን ከባለሙያው አፍ አንድ በአንድ መሰብሰቡ ግን አድካሚ ሆነ። ስለዚህ ቡድኑ ከመሣሪያው ንባቦች ደንቦቹን ራሱ የሚያወጣ «ሜታ ዴንድራል» የተባለ ሌላ ፕሮግራም ሠራ፤ ስለ አንዳንድ የስቴሮይድ ውህዶች አሰባበር ያወጣቸው አዳዲስ ደንቦችም በ1976 በአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔት ታተሙ። በዚያም ቢሆን አቶም ምን እንደሆነ፣ የአቶሞች ትስስርም ሊበጠስ እንደሚችል ለፕሮግራሙ የነገሩት ኬሚስቶቹ ነበሩ።