የመኪና ጥያቄና መልስ፦ ሞተሪኖው ያዞራል፣ መኪናዋ ግን አትነሳም

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ? መኪናዬ የ2003 ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። ቅዳሜ ላቫጆ ወስጄ ኮፈኑን አስከፍቼ ሞተሩን በፕሬዠር አሳጠብኳት፣ ከዛ እየነዳኋት ቤት ገባሁ ምንም አልሆነችም። እሁድ ጠዋት ላስነሳት ስል ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ደህና አርጎ ያዞራል ግን ጭራሽ አትነሳም። የሰፈር መካኒክ መጥቶ ቁልፉን ኦን ላይ አርጎ የኋላ ወንበር ላይ ጆሮውን ጣል አደረገና የቤንዚን ፖምፓው ድምፅ የለውም ሞቷል አለኝ፣ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ተቀየረ፣ አሁንም ያው ናት። አሁን ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው የተቃጠለው እያለኝ ነው። ልግዛ እንዴ? (ኤም፣ ከሳሪስ)

መልስ፦ እንዳትገዢ እህቴ! አሮጌውን ፖምፓም እንዳትጥዪው፣ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁልፉ ኦን ላይ ስለሆነ ብቻ ፖምፓው አይሰራም፣ የሚሰራው ሞተሪኖው ሲያዞር ነው፣ ከዛ በኋላም ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ከክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን መዞር ከሚያነበው) ሲያይ ነው የሚቀጥለው። ስለዚህ ኦን ላይ አርጎ ጆሮ መጣል ለሌላ መኪና ይሰራ ይሆናል እንጂ ላንቺዋ ምርመራ አይባልም። ማዳመጥ ከተፈለገ አንድ ሰው እያስነሳ ሌላው ይስማ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ቤት ድረስ ደህና ነድተሻት ጠዋት እምቢ ማለቷ አይግረምሽ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሽቦዎቹ ሶኬቶች ውስጥ ያለው አየር ስለሚኮማተር የሶኬቱ ጎማ ጠርዝ ላይ የተኛውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ከመታጠቡ ይልቅ የሚጎዳው ሌሊቱ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ውሃን ነው፣ ልክ ነው መታየት አለበት፣ ኮይሎቹ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡት) ተነቅለው ጉድጓዶቹ በኮምፕሬሰር አየር ይነፉ። ግን ልብ በይ፣ ያንቺ መኪና ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ነው ያለው፣ አንዱ ወይ ሁለቱ ውሃ ቢነካቸው እያነከሰችም ቢሆን ትነሳ ነበር ወይ ቢያንስ ልነሳ ልነሳ ትል ነበር። አራቱም አንዴ ዝም ካሉ አራቱን የሚያገናኝ ነገር ነው መፈለግ ያለበት፣ እሱም ወይ የኮይሎቹ የጋራ መብራት (ኤሌክትሪክ) ነው፣ ወይ የኮምፒውተሩ መብራት፣ ወይ ማሳው (ወደ ባትሪ ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር)፣ ወይ ክራንክ ሴንሰሩ። እኔ በጣም የምጠረጥረው የመጨረሻውን ነው ምክንያቱም ታች ክራንክ ፑሊው አጠገብ ስለሆነ የላቫጆ ልጆች ፕሬዠሩን ከላይ ወደ ታች ሲለቁት ሶኬቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

መካኒኩን ሳትጠሪ ራስሽ የምታዪው ነገር አለ። ቁልፉን ኦን ላይ አርጊና ዳሽቦርዱን እዪ፣ ቼክ ኢንጅን መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች (አምፖሏ እራሷ ካልተቃጠለች) ኮምፒውተሩ መብራት እያገኘ አይደለም ማለት ነው፣ ያኔ የኢኤፍአይ (EFI የሚል የተጻፈበት) ፊውዝና ሪሌ ይታዩ፣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ የሚባለው ግማሹ ጊዜ ይሄው ነው። ሌላም ጉድ አለ፣ ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ 5 ቮልት ይሰጣል፣ ከነሱ አንዱ ውሃ ገብቶበት ሾርት ካደረገ አንዳንድ ቶዮታ ላይ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ይዘጋል ቼክ ኢንጅኗም አትበራም፣ የሴንሰሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ እየነቀልሽ ስታዪ አንዱ ላይ መብራቷ ቦግ ካለች ጥፋተኛው እሱ ነው። የቁልፍ ምልክት ያላት ቀይዋ መብራት ደግሞ ኦን ላይ ሆኖም ብልጭ ብልጭ ማለቷን ካላቆመች ኢሞቢላይዘሩ (የሌባ መከላከያው) ቁልፉን አላወቀውም። በኋላ የተገጠመ አላርም ካላት እሱንም ጠርጥሪ፣ ገጣሚዎቹ የፖምፓውን ወይ የኮይሉን ሽቦ ቆርጠው መሀል ሪሌ ያስገቡና በፕላስተር ጠቅልለው ይተዉታል፣ እሱ ነገር ስንቱን ሰው ሞተር አስፈትቷል መሰለሽ።

ይሄን ሁሉ ቀን ስታዞሪያት ባትሪውም ደክሟል። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ነው፣ ሞተሪኖው እያዞረ ደግሞ ከ10 ቮልት በታች እየወረደ ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ፣ ሞተሩ እየዞረ ቢመስልም ኮይሉና ኮምፒውተሩ በቂ ጉልበት አያገኙም። ካንዴላዎቹም ቤንዚን ጠጥተው ይሆናል፣ ወጥተው ይድረቁ፣ ወይ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠሽ አስነሺ፣ ብዙ ኢንጀክሽን መኪና ላይ እንደዛ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይቆርጣል።

ከዛ በኋላ ቴስተር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ይዞ የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ፣ እንዲያስነብብልሽ የምፈልገው ግን ኮድ ብቻ አይደለም። ሞተሪኖው እያዞረ የአርፒኤሙን (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን) ቁጥር ይይ፣ ከ200 እስከ 300 አካባቢ ካለ ክራንክ ሴንሰሩ እየሰራ ነው፣ ዜሮ ካለ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን አላወቀም፣ ስለዚህ እሳትም (የካንዴላውን ብልጭታ) አይሰጥም ቤንዚንም አይረጭም፣ እዛው ክራንክ ሴንሰሩ ሶኬት ላይ ወርዶ ነቅሎ ያድርቀው፣ ፒኑ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ በኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ ሶኬት ማጽጃ ስፕሬይ) ያጽዳው። አርፒኤሙ ካለ ደግሞ ኮይል ሶኬት ላይ መብራት መኖሩን ይፈትሽ፣ እዚህ ጋ አደራ በቴስት ላምፕ (አምፖል ባለው መፈተሻ) ይሁን፣ ሽቦው በዝገት ተበልቶ አንድ ክር ቢቀረው እንኳን ዲጂታል ሜትር 12 ቮልት ብሎ ያሳያል፣ ጭነት ሲመጣበት ነው የሚጠፋው፣ አምፖሉ ግን ካልበራ አልበራም ነው። ማሳውንም እንደዛው፣ ሜትሩን ባትሪ ኔጌቲቭና ሞተር ብሎክ ላይ አርጎ ሲያስነሱት ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይ ቡሎኑ ችግር አለበት። እሳት ለማየት ብለው ካንዴላ በእጅ ይዘው የሚያስነሱትን ግን አታስጠጊ፣ ያማል ብቻ ሳይሆን ቤንዚን ከካንዴላው ጉድጓድ እየወጣ ቃጠሎም ይነሳል፣ መጀመሪያ የኢንጀክተሮቹ ሶኬት ይነቀል።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ እሱ ያለው ሳሎን (ሰው የሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ ነው፣ ኮፈን ስር የተረጨ ውሃ በቀላሉ አይደርስበትም። ኢሞቢላይዘር ያላት መኪና ከሆነች ደግሞ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተሽ ብትሰኪባት ቁልፍሽን ስለማያውቀው ፕሮግራም ካልተደረገ ያው ይዞራል አይነሳም፣ ያኔ የቱ እንደተበላሸ ማንም አያውቅልሽም።

ጥያቄ፦ ኮሮላ ነው የምሰራበት። ቀን ሲሞቅ መንገድ ላይ ይጠፋብኛል፣ ያዞራል አይነሳም፣ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲበርድ እንደ ምንም ይነሳል። ጋራዥ ስወስደው ምንም የለውም ይሉኛል። (ሹፌር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጋራዥ ሲደርስ በርዷላ ወንድሜ! ይሄ በሽታ የሚያዘው እዛው በጠፋበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ክራንክ ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ ይላቀቅና ሲበርድ ይገናኛል፣ ፒ0335 የሚል የክራንክ ሴንሰር ኮድ ቢመዘገብ ጥሩ ነው ግን ሁሌ አይመዘገብም። መኪናው ውስጥ ቴስት ላምፕና ርካሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ አስቀምጥ፣ ሲጠፋብህ ሳይበርድ አስነሳውና አርፒኤሙን እይ። ዜሮ ካለ ቀይረው፣ ብትችል ኦርጅናሉን፣ ርካሹ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ጠባይ ሊያመጣ ይችላል። ዜሮ ካላለ የፖምፓውን ሪሌ ተመሳሳይ ካለው ሪሌ ጋር እዛው አቀያይረህ ሞክር።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው ያለሁት፣ ቁልፍ አስቀረጽኩ፣ መኪናው በአዲሱ ቁልፍ ይነሳና አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል፣ በድሮው ችግር የለም።

መልስ፦ ብረቱ ነው የተቀረጸልህ፣ ኢሞቢላይዘሩ ቁልፉን የሚያውቅበት ቺፕ አልተመዘገበም። ወደ ቀራጩ ተመለስና ቺፕ ያለው ቁልፍ አስመዝግብ፣ ስትሄድ ድሮውን ቁልፍ ይዘህ ሂድ፣ የሚሰራ ቁልፍ ከሌለ ሥራውም ዋጋውም ይለያል።