የማሽኑ ዋጋ ብቻ አይደለም

ለጅማ ወጣቶች፣

ሰሞኑን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ቡና ቆልታና አሽጋ ለመሸጥ ማሰቧን አጫወተችኝና «ጋሼ፣ የማሽን መግዣ ከየት ላግኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የነጋዴ ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ጥያቄው አዲስ አልሆነብኝም፤ ዳሩ ግን አንድ ወዳጄን አስታውሶኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

ወዳጄ የማና ወረዳ ልጅ ነው። ቡናን ከዛፉ ጀምሮ ያውቃል፤ ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ መድረቅ አለመድረቁን ይናገር ነበር። ያጠራቀመውን ሁሉ፣ የእናቱንም እቁብ ጨምሮ የቡና መቁያ ማሽን ገዛ። ማሽኑ የገባ ዕለት ከሂርማታ ገበያ ሳይቀር ሰው መጥቶ አየለት፤ እናቱ እልል አሉ። ጥቅምት ገብቶ ለቀማው ሲጀመር ግን እጁ ላይ የቡና መግዣ አልቀረም። ሌላው ሲገዛ እርሱ ቆሞ ተመለከተ። ክረምት ላይ ተበድሮ፣ በተወደደ ዋጋ ገዛ። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል፤ ያ ሁሉ ከትርፉ ላይ ወረደ። ሆቴሎቹ ደግሞ በዱቤ ነበር የሚወስዱት። መዝገቡን ስሠራለት ትርፍ ይታያል፤ ካዝናው ባዶ ነው። በመጨረሻ ማሽኑን በግማሽ ዋጋ ሸጠ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከቡና ሥራ መውጣቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጅቷን «የመጀመሪያውን ኪሎ ከአንቺ ማን ይገዛል? መቼስ ይከፍልሻል?» አልኳት። መልስ አልነበራትም። የዛሬ ልጆች የምታዘጋጁት የንግድ ዕቅድ ያማረ ነው፤ ገበያ ወርዳችሁ ከአንዲት ቡና ሻጭ ጎን ግማሽ ቀን መቀመጥ ግን ይከብዳችኋል። ልጅቷ በቤት ምጣድ ቆልታ ለጥቂት ደንበኞች ብትጀምር ማሽኑ የሚገዛበት ጊዜ ራሱ ይታወቃል።

ገንዘብ ዋና ነገር አይደለም ልል ነበር፤ ሳስበው ግን ወዳጄን የጣለው የገንዘብ እጦት ነው። በዚያን ጊዜ ባንክ ለብድር ዋስትና የሚጠይቀው ቤት ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽንን፣ ከብትን፣ ሰብልን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብን ሳይቀር በዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። ይህ ያኔ ቢኖር ማሽኑን አስይዞ የጥቅምቱን ቡና ይገዛ ነበር። ለእናንተ ግን አለላችሁ፤ ተጠቀሙበት።

ስለ ፈቃድና ግብር አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ዱቤ ስትሰጡ ግን የመክፈያውን ቀን አስፈርሙ፤ የፊተኛው ሳይከፈል ሁለተኛውን አታስረክቡ። ይቀየሙኛል ብላችሁ አትፍሩ፤ ሊከፍል ያሰበ ደንበኛ በዚህ አይቀየምም።