ሚዛኑ ሲቆም ቡድኑን እንዴት ይጠቀሙበት?

ካርቦሃይድሬት በቀነሱበት በመጀመሪያው ሳምንት ያዩት ፈጣን የክብደት ለውጥ በሦስተኛው ሳምንት ስለቆመና ክብደት ለመቀነስ ለሚደጋገፉበት ቡድንዎ የሚነግሩት ነገር ስላጡ ለመተው ማሰብዎን ጽፈዋል። ለመተው የሚያበቃ ምክንያት አይደለም፤ መለወጥ ያለበት ለቡድኑ የሚያቀርቡት ሪፖርት ነው። ኪሎውን ትተው በእጅዎ ያለውን ይንገሯቸው፦ ዛሬ ምን በሉ፣ በስንት ሰዓት ጣፋጭ አማረዎት፣ ያን ጊዜስ ምን አደረጉ?

ሰውነት ከካርቦሃይድሬት ሠርቶ በጉበትና በጡንቻ የሚያከማቸው የስኳር ዓይነት፣ ግላይኮጅን፣ በእያንዳንዱ ግራም ቢያንስ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ክምችቱ ሲቀንስ ውኃውም አብሮ ይወጣል። መጀመሪያ የወረደው ኪሎ በአብዛኛው ይህ ነበር፤ ስብ የሚቀንሰው ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ነው። ሚዛን ላይ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ከምግብ በፊት መውጣት ይበቃል፤ የወገብዎንም ልክ ይያዙ።

ከአባላቱ አንድ ሰው መርጠው አምሮቱ በሚበረታበት ሰዓት መልእክት ለመለዋወጥ ቢስማሙ፣ በእኔ እምነት ከሳምንታዊው ረጅም ስብሰባ የበለጠ ይጠቅምዎታል፤ ፈተናው የስብሰባውን ቀን አይጠብቅምና። ብዙ የሚያወራውን ሳይሆን ቶሎ የሚመልሰውን ሰው ይምረጡ።

ከልምድ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በእንዲህ ያሉ ቡድኖች ውስጥ ስለ መድኃኒት ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ ካርቦሃይድሬት ቀንሰው የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል ቢቀር ስኳርዎ ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ መጠኑን የሚወስነው ሐኪምዎ እንጂ የቡድን አባል አይደለም። የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ነው።