መልስ፦ ከአያት ሜክሲኮ ጠዋት በባቡር ወይስ በታክሲ?

እህቴ፣ ቤትሽ አያት፣ ሥራሽ ሜክሲኮ ከሆነ እኔ ባቡሩን እመርጥልሻለሁ። የምትሰሚው ሮሮ እውነት ነው። ይዘገያል፣ ሲመጣም አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነው። ግን ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር ቀጥታ ሜክሲኮ ያደርስሻል። መገናኛ ወርዶ እንደገና ሰልፍ መያዝ የለም። አያት ደግሞ መነሻው ስለሆነ ወንበር የማግኘት ዕድል አለሽ። (መገናኛ ላይ የሚገባውን ሕዝብ ስታዪ ይገባሻል።) ቦርሳሽን ከፊት ለፊትሽ ያዢ።

ማታ ስትመለሺ ግን ንቁ ሁኚ። ሜክሲኮ ላይ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ነው የሚያልፉት። ወደ አያት የሚሄደው አረንጓዴ፣ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ሰማያዊ ነው። በግፊያው መሀል ቀለሙን ሳታዪ ከገባሽ፣ ከስታዲየም በኋላ በጎተራ አድርገሽ ወደ ሳሪስ መንጎድሽ ነው።

ታክሲ ቀን ቀን ጥሩ ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን አንዳንዱ መንገዱን እየቆራረጠ ይጭናል፤ ሁለት ሂሳብ ትከፍያለሽ። ዝርዝር ብር ይዘሽ ውጪ። ገና በጠዋቱ ድፍን ብር ስትሰጪው ፊቱን የሚያጠቁር ወያላ አይጠፋም። መውረጃሽ ሲቃረብ ደግሞ «ወራጅ አለ!» በይ፣ ጮክ ብለሽ። አዲስ ሰው አፍሮ ቀስ ብሎ ይልና ሙዚቃው ይውጠዋል፤ ከዚያ አንድ ፌርማታ ያህል በእግር መመለስ ነው።

አንበሳና ሸገር አውቶብስም አሉ። ሂሳቡ ይቀንስልሻል፣ ግን ማልደሽ መሰለፍ አለብሽ።