ሰዓት ቆጣሪውን ተወውና ክፍተቱን እየው

አንድ አንባቢ ስለ ማርክስ ጄኔሬተሩ (ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን ሞልቶ፣ በኳሶች መሃል በሚዘል ብልጭታ በተከታታይ እያያያዘ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያወጣ መሣሪያ ነው) እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ባለ 5 ደረጃ ማርክስ ጄኔሬተር ሠርቻለሁ። ካፓሲተሮቹን 20 ኪሎቮልት እሞላቸዋለሁ፤ በኳሶቹ መሃል ያለው ክፍተት 10 ሚሊሜትር ነው። ትሪገር (የማስተኮሻ ምት) ስሰጠው አንዴ ወዲያው ይተኩሳል፣ አንዴ 2 ማይክሮሰከንድ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ዝም ይላል። ሰዓት ቆጣሪውን ሰርኪዩት ልቀይረው?»

ኧረ አትቀይረው ወንድሜ! ችግሩ ያለው ክፍተቱ ላይ ነው። 10 ሚሊሜትር ክፍተት በተራ አየር ውስጥ በራሱ የሚተኩሰው 30 ኪሎቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። አንተ በ20 ስትሠራ ሁለት ሦስተኛው ላይ ነህ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ብልጭታው ያመነታል፣ መዘግየቱም በየተኩሱ ይለያያል። በጣም ካጠበብከው ደግሞ ሳታዝዘው ይተኩስብሃል። እኔ በራሱ ከሚተኩስበት ቮልቴጅ 80 በመቶ አካባቢ አድርጌ ነው የምሠራው። ላንተ 8 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ ያኔ በራሱ የሚተኩሰው 25 ኪሎቮልት አካባቢ ነው።

ይሄንን ግን ራስህ ለካው። ካፓሲተሮቹ 25 ኪሎቮልት የሚችሉ ከሆነ ትሪገሩን ንቀልና ቮልቴጁን ቀስ እያልክ ጨምር፤ በራሱ የተኮሰበትን ቁጥር 20 ጊዜ ያህል መዝግብ። ቁጥሮቹ ከተበታተኑ ኳሶቹ ተቦርቡረዋል ወይም አቧራ ይዘዋል። በጣትህ ስትዳስሳቸው ከሻከሩህ በስስ የብርጭቆ ወረቀት አልስልሳቸው። ከመንካትህ በፊት ግን፣ እባክህን፣ ሪዚስተር ባለው የመሬት ዘንግ እያንዳንዱን ካፓሲተር አራግፍና ሁለቱን ጫፍ በሽቦ አያይዘህ ተወው፤ ባዶ ነው ያልከው ካፓሲተር ትንሽ ቆይቶ መልሶ ቮልቴጅ ያበጃል።

ከዚያ የትሪገሩን ፐልስ በኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ለውጥ በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ) እየው። ከፍታው ቢበቃም አወጣጡ ከተንቀረፈፈ መወላወሉ አይቀርም። የመኪና ማቀጣጠያ ኮይል ብቻውን ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ በጣም ቀርፋፋ ነው። የፐልሱ ፖላሪቲም (ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑ) ከትሪገር ፒኑ፣ ማለትም ብልጭታውን ከሚያስነሳው መርፌ፣ ፊት ለፊት ካለው ኳስ ጋር ተቃራኒ ይሁን። የትሪገሩ ኬብል በሜትር 5 ናኖሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ እሱ ሁሌም እኩል ስለሆነ አያስጨንቅህ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ብርሃኑን ነው። ክፍተቶቹን በአንድ መስመር ደርድራቸው፣ ይተያዩ። የመጀመሪያው ብልጭታ የሚረጨው አልትራቫዮሌት የቀጣዮቹ ኳሶች ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል፣ እነሱም ሳያመነቱ ይከተላሉ። በመሃላቸው የፕላስቲክ ግድግዳ አቁመህ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አንሳና ሞክረው።