የጥንት አበውና የካቶሊክ ነገረ መለኮት ትምህርት በዩኒቨርሲቲ፦ ጥያቄና መልስ

መምህሩ፦ ጥያቄያችሁን አምጡ። በደንብ የምመልሰው በሁለት ጉዳይ ነው፤ እስከ ዮሐንስ ዘደማስቆ ድረስ ባሉት አበውና በቶማስ አኩዊናስ። የቪዛና የገንዘብ ጉዳይ በአጭሩ አልፋለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ አባትን ስትጠቅሱ ድርሳኑን፣ ምዕራፉንና ቁጥሩን ጻፉ። «አውግስጢኖስ እንዲህ ብሏል» ብቻ ብሎ ለመጣ አልመልስም።

ፍሬሕይወት፦ መምህር፣ ሮም ውስጥ ነገረ መለኮት ለመማር ስንት ዓመት ይፈጃል? ዲግሪውስ አገር ቤት ይሠራል?

መምህሩ፦ ሦስት እርከን አለው። ባካሎሬት አምስት ዓመት ነው፤ ሁለቱ ፍልስፍና፣ ሦስቱ ነገረ መለኮት። ፍልስፍናውን አስቀድሞ የጨረሰ ሦስቱን ብቻ ይማራል። ቀጥሎ ሊቸንሲያት ሁለት ዓመት፤ ልዩ ሙያ የሚመረጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ዶክትሬት። አበውን ብቻ ማጥናት ለሚፈልግ ከጴጥሮስ አደባባይ አጠገብ አውግስቲኒያኑም የሚባል ተቋም አለ፤ ከ1970 ጀምሮ በዚሁ ዘርፍ ሊቸንሲያትና ዶክትሬት ያስተምራል።

ስለ ዲግሪው፦ ዓይነቱ ሁለት ነው። አንዱ በቅድስት መንበር ሥልጣን የሚሰጥ የቤተ ክርስቲያን ዲግሪ፣ ሌላው በአገሩ መንግሥት ሕግ የሚሰጥ። ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲና ቤልጅየም ያለው ሉቨን ሁለቱንም ይሰጣሉ። የምታመለክቺበት ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ ከመመዝገብሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ። ተመልሶ ማስተማር የሚፈልግ ሰው ይህን ሳያጣራ ከሄደ የአቻ ግምት ሲጠየቅ ነው የሚቸገረው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማረም አይቻልም።

ዘካርያስ፦ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ይቀበሉኛል?

መምህሩ፦ ይቀበላሉ። በቫቲካን የክርስቲያኖችን አንድነት በሚከታተለው መምሪያ ሥር ለኦርቶዶክስ ተማሪዎች ወጪ የሚሸፍን ኮሚቴ አለ፤ የራስህ ሊቀ ጳጳስ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግሃል። ከዚህ በላይ የገንዘብ ጥያቄ አትጠይቁኝ።

ደብተራው፦ ቅኔ ተምሬያለሁ፣ የሊቃውንት ጉባኤ ጀምሬያለሁ። ግሪክም ላቲንም የለኝም። ከምን ልጀምር?

መምህሩ፦ ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ግሪክ ይቅደም። በሳምንት አምስት ሰዓት ከሰጠኸው በዓመት ውስጥ የዮሐንስን ወንጌል በመዝገበ ቃላት ታነባለህ፤ ከዚያ ወደ አትናቴዎስ «ስለ ቃል ሥጋ መሆን» ትሻገራለህ። ላቲን በሁለተኛው ዓመት ይምጣ።

ግእዝህን ግን አታስቀምጠው። በጉባኤህ ያሉትን ሁለት መጻሕፍት ለይተህ እወቅ። «ቄርሎስ» የምንለው ስብስብ በአክሱም ዘመን ከግሪክ በቀጥታ የተተረጎመ ነው። «ሃይማኖተ አበው» ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዓረብኛ የተመለሰ ነው። ስለዚህ በሃይማኖተ አበው ያለ የአትናቴዎስ ቃል በዓረብኛ በኩል ዞሮ ነው የደረሰህ። እዚያ «ባሕርይ» የሚል ስታገኝ «ግሪኩ ፊሲስ (ተፈጥሮ) ነው» ብለህ አትጻፍ፤ ኡሲያም (ህላዌ) ሊሆን ይችላል። ቃሉን ራሱን ተመልከተው፦ በግእዝ ባሕርይ ዕንቁም ነው። በዓረብኛ ጀውሀርም እንዲሁ ዕንቁም ነው፣ የነገር ህላዌም ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የእስክንድርያውን ቄርሎስ «ክርስቶስ አንድ ነው» ድርሳን ያዝ፤ ግእዙ በቄርሎስ መጽሐፍህ አለ፣ ግሪኩ ሚኝ የተባለው ፈረንሳዊ ባሳተመው የግሪክ አበው ስብስብ ቅጽ 75 ከዓምድ 1253 ይጀምራል፣ የተሻለው እትም ደግሞ በፈረንሳዮቹ የክርስትና ምንጮች ተከታታይ ቁጥር 97 ነው። ወረቀትህን ለሦስት ክፈል፦ ግሪክ፣ ግእዝ፣ አማርኛ። በቀን አሥር መስመር ይበቃል። ፊሲስ፣ ኡሲያ፣ ሂፖስታሲስ (አካል) እና ፕሮሶፖን (ገጽ) በመጡ ቁጥር አስምርባቸውና ግእዙ በምን እንደመለሳቸው ጻፍ። አንዱ የግሪክ ቃል በሁለት የግእዝ ቃል የተመለሰበትን ቦታ ለብቻው መዝግብ። ወደፊት የምትጽፈው ነገር ከዚያ ነው የሚወጣው።

ሰላማዊት፦ እኔ የምቸገረው «አካል» ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ስጽፍ መምህሬ ቀይ አሰመረበት።

መምህሩ፦ «ሦስት አካል»ን ሥጋ ለበስ አካል አድርገሽ ተርጉመሽው ይሆናል። በዕለት አማርኛ አካል ገላ ነው፣ በነገረ መለኮት ግን ሂፖስታሲስ ነው። አትፈሪ፣ ግሪኮቹና ላቲኖቹም በዚሁ ተቸግረዋል። የኒቅያ ጉባኤ በ325 ባወጣው ግዝት ሂፖስታሲስና ኡሲያ እንደ አንድ ቃል ነው የተቀመጡት። በ362 እስክንድርያ ላይ አትናቴዎስ የሰበሰበው ጉባኤ «ሦስት ሂፖስታሲስ» የሚሉትንና «አንድ ሂፖስታሲስ» የሚሉትን ጠርቶ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀ፤ ሁለቱም አንድ እምነት ይዘው ተገኙ። ሄሮኒሞስ በ15ኛው መልእክቱ «ሦስት ሂፖስታሲስ በል አሉኝ» ብሎ ለሮማው ጳጳስ ደማስዮስ አቤት ይላል፤ በላቲን ጆሮ ሂፖስታሲስ ሱብስታንሲያ (ህላዌ) ስለሆነ ሦስት አምላክ ማለት ይመስላል። አውግስጢኖስም በዴ ትሪኒታቴ 5.8.10 ግሪኮች በኡሲያና በሂፖስታሲስ መካከል ምን ልዩነት እንደሚያደርጉ እንደማያውቅ ይናገራል። ስለዚህ ጽሑፍሽ ሲጀምር አንድ አንቀጽ ስጪው፦ «በዚህ ጽሑፍ አካል ስል ሂፖስታሲስ፣ ባሕርይ ስል ፊሲስ ማለቴ ነው።» ቀዩ መስመር ይጠፋል።

ወልደ ገብርኤል፦ ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን አስፈለገ? ቄርሎስ አንድ ባሕርይ አለ፣ የሮማው ጳጳስ ልዮን ሁለት አለ። አለቀ።

ጴጥሮስ፦ አላለቀም። ልዮን እኮ ንስጥሮስን አውግዟል። ተዋሕዶን የካደ አታስመስለው።

ወልደ ገብርኤል፦ ማውገዙን ማን ካደ? ጦማሩ ውስጥ ያለውን እኮ ነው የምልህ።

መምህሩ፦ ቁጥር ሳትጠቅሱ አትከራከሩ ብያለሁ። ወልደ ገብርኤል፣ የምትለው «አንዲት ሥጋ የለበሰች የእግዚአብሔር ቃል ባሕርይ» የሚለውን ነው። ቄርሎስ ይህን ቃል የአትናቴዎስ ነው ብሎ ተቀበለው፤ ጽሑፉ ግን በኑፋቄ የተወገዘው የአቡሊናርዮስ ነበር፣ በአትናቴዎስ ስም ሲዞር የቆየ። ቄርሎስ ቃሉን እንዴት እንዳጠራው በ45ኛውና በ46ኛው መልእክቱ ታገኘዋለህ። በ433 ለአንጾኪያው ዮሐንስ የጻፈውን 39ኛውን ከእነዚያ ጋር አንብብ፤ እዚያ «የሁለት ባሕርያት ተዋሕዶ» የሚለውን ይቀበላል። ጴጥሮስ፣ የልዮን ጦማር 28ኛው መልእክት ነው፣ በ449 ለቁስጥንጥንያው ጳጳስ ለፍላብያኖስ የተላከ። ሙሉውን አንብበህ ና። ከዚያ በኋላ በ1973 ጳውሎስ ስድስተኛና የእስክንድርያው ሺኖዳ ሣልሳዊ የፈረሙትን የጋራ መግለጫ ተመልከቱ። ፈተና ላይ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ልክ ነው» አይደለም፤ «ፊሲስ በዚህ መልእክት ምን ማለት ነው» ነው። እነዚህን መልእክቶች ሳያነብ የሚከራከር ሰው ለሁለቱም ወገን አይጠቅምም።

ሚኪ፦ ስለ ካቶሊክ ፍልስፍና ትንሽ ቢያብራሩልን?

መምህሩ፦ ጥያቄ አይደለም። ዘመን፣ ሰው ወይም መጽሐፍ ምረጥና ተመለስ።

ሚኪ፦ እሺ፣ ቶማስ አኩዊናስ። «ሱማ» የሚባለውን መጽሐፉን ከየት ልጀምር? በጣም ትልቅ ነው።

መምህሩ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ሱማው 512 ጥያቄ አለው፤ ሦስት ክፍል ሲሆን ሁለተኛው ለሁለት ስለተከፈለ በአራት ይቆጠራል፦ 119፣ 114፣ 189 እና 90። ሦስተኛውን ክፍል ሳይጨርስ በታኅሣሥ 1273 ብዕሩን አስቀምጦ በመጋቢት 1274 ዐረፈ።

እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። መጀመሪያ «እንዲህ ይመስላል» ብሎ ተቃራኒዎቹን ይደረድራል። ቀጥሎ «ይህን በመቃወም» ብሎ የመጽሐፍ ወይም የአባት ቃል ያቆማል። ሦስተኛ «እመልሳለሁ» ብሎ የራሱን ይናገራል። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ተቃራኒ መልስ ይሰጣል። ተማሪ የሚወድቅበት እዚህ ነው፦ ተቃራኒዎቹን የቶማስ ሐሳብ አድርጎ ይጠቅሳል። ክፍል 1፣ ጥያቄ 2፣ አንቀጽ 3ን ክፈት፤ የሚጀምረው «እግዚአብሔር የሌለ ይመስላል» በሚል ነው። ያን ቆርጦ የሚጠቅስ ሰው ቶማስን ከሃዲ አደረገው ማለት ነው። የእግዚአብሔርን መኖር የሚያስረዱት የታወቁት አምስቱ መንገዶች «እመልሳለሁ» ከሚለው በታች ናቸው። ስትጠቅስ ከአንቀጹ የትኛው ቦታ እንደወሰድክ ጻፍ።

ወልደ ገብርኤልና ጴጥሮስ ደግሞ ሦስተኛውን ክፍል፣ ጥያቄ 2፣ አንቀጽ 1ን ክፈቱ። ቶማስ የሚያነሣው የመጀመሪያው ተቃራኒ ያው የቄርሎስ «አንዲት ባሕርይ» ነው፤ ከኬልቄዶን ጉባኤ መዝገብ ጠቅሶ። መልሱንም በ553 ከተደረገው የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ነው የሚያመጣው። መልሱ ይጣማችሁ አይጣማችሁ፣ ጥያቄው ሳይሸፋፈን ተቀምጧል።

ወልደ ገብርኤል፦ ይህን አላውቅም ነበር። አነበዋለሁ።

ትዕግሥት፦ ላቲንና ግሪክ ግዴታ ነው? ትርጉም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።

መምህሩ፦ ቋንቋውን ከላይ መልሻለሁ። በነፃ የሚገኙት ትርጉሞች አብዛኞቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ለመተዋወቅ ይሆናሉ፣ ለመጥቀስ አይሆኑም። ሚኝም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ የላቲኑ 221 ቅጽ፣ የግሪኩ 161 ነው፣ አብዛኛው የቆየ እትም ድጋሚ ህትመት ነው። አዲስ እትም ካለ እሱን ያዢ። የመዝሙር ቁጥርም ተጠንቀቂ፦ አበው የሚጠቅሱት እንደ ግእዙ ዳዊት ነው፣ የዕብራይስጡ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ይበልጣል። አውግስጢኖስ መዝሙር 50 ሲል «ተሣሃለኒ» ነው፤ በብዙ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ 51 ላይ ፈልጊው።

ደብተራው፦ ከሊቃውንት ቀጥሎ መጻሕፍተ መነኮሳት ልገባ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ነገር አለበት?

መምህሩ፦ ሞልቶበታል። መጻሕፍቱ ሦስት ናቸው፣ በሦስት ሰዎች ስም የሚጠሩ። ማር ይስሐቅ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ በአምስት ወር የተወ ሰው ነው። አረጋዊ መንፈሳዊ ዮሐንስ ዘዳልያታ ነው፣ 8ኛው ክፍለ ዘመን። ፊልክስዩስ በመቡጉ ፊሎክሴኖስ ስም ይጠራል እንጂ ትርጓሜው የዳዲሾ ቃጥራያ ነው፤ ዛሬ ቃጠር ካለችበት የባሕረ ሰላጤ አካባቢ የተነሣ መነኩሴ። ሦስቱም በፋርስ የነበረችው፣ ሌሎች «ንስጥሮሳዊት» የሚሏት፣ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው።

ወልደ ገብርኤል፦ ማር ይስሐቅን ንስጥሮሳዊ ነው እያሉ ነው?

መምህሩ፦ የተሾመበትን ቤተ ክርስቲያን ነው የነገርኩህ። ያስተማረውን ለማወቅ መጽሐፉን ክፈት። አባቶቻችን ስለ ጸሎትና ስለ ዕንባ የጻፈውን አንብበው በጉባኤ አስቀምጠውታል፤ እንዴት ከሱርስት (ከጥንቱ የሶርያ ቋንቋ) በዓረብኛ በኩል ግእዝ እንደደረሰ፣ በመንገዱ ምን እንደተጨመረና ምን እንደወጣ መመርመር ለሊቸንሲያት ይበቃል። ደብተራው፣ ለዚህ ሱርስት ያስፈልግሃል። ሮም ያለው የምሥራቃውያን ጥናት ጳጳሳዊ ተቋም ከ1917 ጀምሮ የቆመው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ሳሚ፦ ስኮላርሺፕ አለ?

መምህሩ፦ ለዘካርያስ የመለስኩትን አንብብ።

ደብተራው፦ የሦስት ዓምዱን ሥራ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ግእዙና ግሪኩ ባይገጥሙስ?

መምህሩ፦ ባልገጠመበት ቦታ ግእዙን አታርመው። እንዳለ ቅዳው፣ የብራናውን ቅጠልና ዓምድ ጻፍበት። ምናልባት ግእዙ የያዘው የግሪክ ንባብ እኛ እጅ ካለው የቀደመ ሊሆን ይችላል። አምስት ቦታ ስታገኝ ላክልኝ።