«ስመጣ እወስደዋለሁ» ያለው ሻንጣ

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። ከጓደኛዬ ጋር አራት ዓመት ቆይተን፣ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ባለፈው መስከረም ተለያየን። እሱ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ሻንጣው ግን እኔ ቤት ቀረ፤ የቆዳ ጃኬቱ፣ የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍቱና ደብተሮቹ አሉበት። ለእኔ የገዛልኝ የጅማ በርጩማና እናቱ አጋሮ ሆነው በእጃቸው ፈትለው ያሠሩልኝ ጋቢም አሉ። በየወሩ እየደወለ «አደራ፣ ስመጣ እወስደዋለሁ» ይለኛል፤ አይመጣም። እናቴ «አውጥተሽ ጣይው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አደራ በላ እንዳልባል እፈራለሁ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ እቃው እንዳይሻግት እያወጣሁ ፀሐይ አስመታዋለሁ፤ ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የነካው ይህ ፀሐይ ማስመታቱ ነው። ደረቅ አገር ብትኖሪ ሻንጣውን አልጋ ሥር ገፍተሽ ትረሺው ነበር። የጅማ ክረምት ግን ፋታ አይሰጥም፤ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ሻንጣውን ትከፍቻለሽ፣ ጃኬቱን ታራግፊያለሽ፣ ጎረቤት እያየ ገመድ ላይ ትሰቅያለሽ፣ ደመና ሲመጣ ሮጠሽ ታስገቢያለሽ። ይህ ሰው ከሄደ ዘጠኝ ወር ሆነው፤ አንቺ ግን ዛሬም ልብሱን እየተንከባከብሽ ነው።

እንቅልፍ ማጣትሽን እንደ ድክመት አትቁጠሪው። ሽታ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ይልቅ ስሜትንና ትዝታን ወደሚይዙት የአንጎል ክፍሎች የሚደርሰው በአቋራጭ ነው፤ የጃኬቱ አንገትጌ አፍንጫሽ ጋ ሲደርስ አእምሮሽ «ተለያይተናል» ብሎ ለማሰብ ጊዜ አያገኝም። በ2010 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ ሔለን ፊሸርና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ በቅርቡ በፍቅር የተተዉ 15 ሰዎች የቀድሞ ፍቅረኛቸውን ፎቶ እያዩ አንጎላቸው በማሽን ታይቶ ነበር። ከብርቱ ፍላጎትና ከሱስ ጋር የተያያዙ ክፍሎች ሲነቁ ታዩ። ከተለያዩ ብዙ ቀን ባለፋቸው ላይ ግን ከቁርኝት ጋር የሚያያዘው አንዱ ክፍል ረገብ ብሎ ነበር። ጊዜ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። በእኔ እይታ ያንቺ ችግር ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ቁስሉን ለመንካት መገደድሽ ነው።

ወደ አደራው ልምጣ። አደራ በእኛ ዘንድ ከባድ ቃል ነው፤ መፍራትሽ የአስተዳደግሽን መልካምነት ይናገራል። ነገር ግን አደራ ያስቀመጠም ሰው መጥቶ የመረከብ ዕዳ አለበት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጃኬቱን ያልፈለገ ሰው ጃኬቱ አልቸገረውም። ክፉ ነው አልልሽም፤ ምናልባት እሱም መቁረጥ አቅቶት ይሆናል። ብቻ ሲደውል የሚጠይቀው ስለ ሻንጣው ነው፣ አንቺ የምትሰሚው ግን «ስመጣ» የምትለዋን ቃል ነው። ታማኝነትሽ የሚለካው እቃውን ሳይጎድል በማስረከብሽ ነው። ዕድሜ ልክ ጠብቂ ያለሽ የለም።

እናትሽ ያሉትን ግን አታድርጊ። ስትጨነቂ ማየት ከብዷቸው ነው፤ ሆኖም ከጣልሽው ቀጣዩ ስልክ ክርክር ይሆናል፣ አንቺም ሳታጠፊ ጥፋተኛ ትሆኛለሽ። ይልቅ አንድ ጊዜ ብቻ በጽሑፍ ላኪለት፦ «ሰላም ነህ? እቃህን እስከ ሐምሌ 30 ማስረከብ እፈልጋለሁ። የሚረከብልህ ሰው ካለ ስሙን ላክልኝ፤ ከሌለ አጋሮ ለቤተሰብህ አደርሳለሁ።» ናፍቆት፣ ወቀሳ፣ «ለምን» የሚል ጥያቄ አይግባበት። ከደወለ «በጽሑፍ መልስልኝ» በይው። ስታሸጊ ብቻሽን አትሁኚ፤ የምታምኛት ጓደኛሽ ትኑር፣ እያንዳንዱን እቃ ፎቶ አንሱት። ለሽምግልና ታስበው ከነበሩት አንዱ በቅርብ ካሉ እሳቸውም ይወቁት፤ ነገ «ጎድሎብኛል» ቢባል ምስክር ይሆኑሻል። ጃኬቱን ስታጣጥፊ ዕንባ ቢመጣ ይምጣ፤ ጓደኛሽ እዚያው ናት።

በርጩማው ያንቺ ነው፤ በስጦታ የተሰጠሽን መመለስ ያለብሽ አይመስለኝም። ማየቱ ከከበደሽ ለጊዜው ከዓይንሽ አርቂው። ካልከበደሽ ቡና ስታፈዪ ጎረቤትሽን አስቀምጪበት፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት፣ ሌላ ወሬ ሲወራበት ይለመዳል። ስልክሽ ላይ ያሉትን ፎቶዎች በንዴት አትሰርዢ፤ ሰብስበሽ ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ አስተላልፊና ካንቺ ስልክ ላይ አጥፊያቸው።

እቃው ከሄደም በኋላ እንቅልፍ ከሁለት ሳምንት በላይ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም መኖር ትርጉም ካጣብሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂጂ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

የቀረው ጋቢው ነው፣ እሱን ከሻንጣው ጋር እንዳትልኪው። ጋቢው የልጃቸው አይደለም። አንዲት እናት ጥጡን ባዝተው፣ ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው «ልጄ» ብለው ያለበሱሽ ነው። መልሰሽ ብትልኪው «እርስዎንም አልፈልግም» ማለት ይሆንባቸዋል። ብዙዎቻችን ከሰው ስንለያይ ከቤተሰቡም እንደተለያየን አድርገን እናስባለን፤ ስለ ወንዱ ስናለቅስ ስለ እናቱ፣ ስለ እህቶቹ የምናዝነውን ሐዘን ስም አንሰጠውም። ያንቺ ሐዘን ግማሹ ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ጋቢው የጻፍሽው ስለ ጃኬቱ ከጻፍሽው ይበልጥ ይሞቃል። እሳቸውም «ምን ብዬ ልደውልላት» ብለው አፍረው ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

ሻንጣው ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ደውይላቸው። ስለ ልጃቸው አትጠይቂ፣ አትክሰሺም። ሰላምታውን ጨርሰሽ «እማማ፣ ክረምቱ ገብቶ ጋቢዎን ደርቤዋለሁ» በያቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እሳቸው ይናገሩታል።